ሰኞ ሦስት ሰዓት

የሚስማር ፋብሪካው የአይቲ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ኃላፊ ትባል እንጂ ከሥሯ አንድም ሰው የለም። ኬብል የምትዘረጋውም፣ ፕሪንተር የምትጠግነውም፣ ቁጣውን የምትቀበለውም እሷው ናት።

ሰሞኑን ቁጣው በዝቶባታል። አራት ሰኞ በተከታታይ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርይሁን ከቦርዱ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ሊጀምሩ ሲሉ ኔትወርኩ ድርግም ይላል። ማሽኖቹም አብረው ይቆማሉ። ስብሰባው ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል። እሷ ማሽን ክፍሉን ስትፈትሽ ቆይታ ሰርቨር ክፍል ስትደርስ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰላም ነው።

"የፊታችን ሰኞ ከተቋረጠ ሌላ ሥራ ፈልጊ!" አሏት አቶ ዘርይሁን፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ሰኞ ጠዋት ሰርቨር ክፍል ገብታ መብራቱን አጠፋችና ከካርቶኖቹ ጀርባ ተደበቀች። ለሦስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አንድ ሰው በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ገባና ከሰማያዊው ጎን ያለውን ቢጫ ኬብል ጨበጠ። ብድግ ብላ መብራቱን አበራች።

አቶ ዘርይሁን ነበሩ።

"የኔ ልጅ፣" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ቦርዱ የስድስት ወሩን ሪፖርት አቅርብ እያለኝ ነው። እኔ ገና አልጀመርኩትም።"

ጠጋ አለቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ከኬብሉ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

"ቢጫው ማሽኖቹንም ያቆማል፣ ጋሼ" አለች። "ስብሰባውን ብቻ ለማቋረጥ ሰማያዊው ይበቃል።"