እድፍ የሌላት ሴት

ሄራን ቅርጫቷን ያስቀመጠችው በቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች መጸዳጃ ቤት መስኮት ላይ ነበር። ትንሽ ቅርጫት ናት፤ ውስጧ ሞዴስ፣ ላይዋ ላይ «ለቸገራት ሁሉ» የሚል ወረቀት።

ምክንያቷ ኤሊ ናት፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ባለፈው ወር በዝማሬው መሃል ብድግ ብላ መጸዳጃ ቤት ገባችና በሩን ቆልፋ ቀረች። ያገኘቻት ሄራን ነበረች። ጃኬቷን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችላትና በጓሮ በር አስወጣቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ዝር አላለችም። ሄራን ራሷም ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቆመችው በእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ለምን ቀረሽ ብላ አልጠየቀቻትም።

ቅርጫቷ ግን ገና አምልኮው ሳይጀመር ተነሳች። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ያለው የአምልኮ አዳራሽ ኃላፊ፣ ሽማግሌው ጋሽ ኃይለመለኮት፣ በላስቲክ ጠቅልለው አመጡላት።

«እህት ሄራን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞዴስ ነው፣ ጋሼ።»

«ኧረ ቀስ በይ! ወንድሞች ይሰማሉ።»

«ለልጆቹ ብዬ ነው። ኤሊ እኮ...»

«በጓዳ የሚያልቅ ነገር አለ፣ ልጄ። በጌታ ቤት ስሙ እንዲነሳ አልፈልግም። ሁለተኛ ካየሁት እጥለዋለሁ።»

ያቀፈችው ልጇ የጋሼን ክራቫት ለመጨበጥ ይንጠራራል። «እሺ፣ ጋሼ» አለች።

ጓደኛዋ መቅዲ ደጅ ላይ ጠበቀቻት። «እሺ? በቃ እሺ? ምላስሽን ቤት ቆልፈሽበት ነው የመጣሽው?»

ሄራን ላስቲኩን የልጇ ጋሪ ስር ከትታ መንገዷን ቀጠለች።

የምትሠራው ሆሎዌይ ሰፈር፣ ሰው የለገሰው ዕቃ የሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ካርቶን የድሮ የሴቶች መጽሔት መጣ። ስታገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆም አለች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። የሥራ ባልደረባዋ ያኤል ቀና አለች።

«ምን አገኘሽ?»

«አንዲት ሴትዮ» አለች ሄራን፣ እንባዋን እየጠረገች። «ዝም ያለች ሴትዮ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት ለዓመታዊው ጉባኤ የሚሰቀል ሥዕል አጥተው ሲጨነቁ ከርመዋል። የጉባኤው ርዕስ «ነጭ ልብስ» ነበር። እሑድ ሄራን ገጹን ከታች ጠርዙ በሁለት መዳፏ ይዛ ዘረጋችላቸው። እብነ በረድ ደረጃ ላይ የቆመች ሴት። ወለሉን የሚጠርግ ነጭ ቀሚስ፣ እስከ ክርን የደረሰ ነጭ ጓንት፣ ወደ ላይ የቀና ዓይን።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። «ደረጃው ወደ ሰማይ ነው። ጓንቱ ደግሞ፣ እጇን ከኃጢአት ጠብቃለች ማለት ነው። አየሽ? አንዲት እድፍ የለባትም!»

«የለባትም፣ ጋሼ።»

«ሴት እንዲህ ናት! በዚያ በቅርጫቱ ነገርም ልብሽ እንደተመለሰ ገባኝ።»

«ማተሚያ ቤቱን እኔ አነጋግራለሁ» አለች።

መቅዲ ይህን ስትሰማ በገነች። «ጭራሽ ጌጥ ታመጪላቸዋለሽ? ተሸነፍሽ እኮ፣ አንቺ!»

«ኤሊን ለምነሽ ለጉባኤው አምጫት» አለቻት ሄራን። «ከፊት አስቀምጫት።»

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከባተርሲ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ኤሊ ከመቅዲ ጎን፣ ፊተኛው ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ትልቁ ባነር ከመድረኩ በላይ እንደተጠቀለለ ታስሯል። ጋሽ ኃይለመለኮት ሌላ ሰው አላስነኩም፤ ገመዱን ራሳቸው ያዙ።

«እህቶቼ፣ ሴት ልጆቼ» አሉ በማይክሮፎኑ። «ይህችን ሴት እዩ! እሷን ምሰሉ!»

ሳቡት። መጀመሪያ ዓይኖቿ፣ ቀጥሎ ጓንቷ፣ ከዚያ ነጩ ቀሚስ ወረደ። «ሃሌ ሉያ!» አለ ጉባኤው። ባነሩ ግን መውረዱን አላቆመም።

ከሴትየዋ እግር ስር፣ የድሮው ማስታወቂያ የሚሸጠው ዕቃ ስም በትልልቁ ወጣ፦ ሞዴስ።