የግራኞች ምንጣፍ

«ከዛሬ ወዲያ ስሜን እንዳትጠሪ» አላት።

የመኮንን ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሥርጉት ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በማግስቱ ደብተሯን ጥላ በሱዳን በኩል ከአገር ወጣች። ትምህርቷም በዚያው ቀረ። ስሙንም አልጠራችም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ትቶት የሄደ የሰፈር ጋዜጣ ላይ ፎቶውን አየች። ጠጉሩ ነጥቷል። እግሩ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ፣ ጀርባው ላይ ጠመንጃ አለ። እንግሊዝኛው ስለረዘመባት ጎረቤቷ ሩቲ አነበበችላት።

«ሻምበል ገረመው ይላል። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ነው የሚኖረው። ባያትሎን ይወዳደራል፤ በስኪ ሄደው ሄደው ተኝተው የሚተኩሱት ነገር። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ሥርጉት ጋዜጣውን አጣጥፋ ከልጇ ከሊዮ ልብስ ሥር ከተተችው።

በሳምንቱ የሻምበሉ ክለብ ገብታ ተመዘገበች። ሥርጉት ሙሉነህ ብላ ነው። ሙሉነህ ባሏ ነው፤ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ምዕራብ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ካናዳ ከገባች ጀምሮ እንደ ፈረንጆቹ በባሏ ስም ትጠራለች። ቤተ ክርስቲያን እናቶች «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት «የእናቴ» ብላ ታልፋቸዋለች።

ሩቲ በሳቅ ሞተች። «በረዶ ሲጥል ባስ ስቶፕ ድረስ የማትወጪው ሴትዮ? ደግሞ ጠመንጃ!»

«ጠመንጃ ድሮም አውቃለሁ።»

«ማን አስተማረሽ?»

ሥርጉት የሊዮን አፍንጫ ጠረገች።

የግራኝ ጠመንጃ ቀለሁን የሚወረውረው በግራ በኩል ነው። አሰልጣኙ ጎረቤት እንዳይመታ ብሎ ግራኞችን ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ያስተኛቸዋል። ክለቡ ውስጥ ግራኝ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሻምበሉና እሷ።

የመጀመሪያው ቀን ሻምበሉ አያት፤ ፊቱን አዞረ። ሰላምታ የለም። አሰልጣኙን በእንግሊዝኛ «ይህችን ሴት ከአጠገቤ አንሳልኝ» አለው።

«ግራኝ ናት፤ የት ልውሰዳት?» አለ አሰልጣኙ።

ሻምበሉ የመተኮሻ ምንጣፉ ላይ ተኛ። «መሸሽ እንጂ መምጣት የምታውቂ አይመስለኝም ነበር» አለ በአማርኛ፣ ዞር ሳይል።

«ዛሬ አልሸሽም።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊና ኢላማሽን እይ።»

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። እሷ ስትወድቅ ይስቃል። ስትነሳ ትቷት ይሄዳል። በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ያቺ» ነው የሚላት። እሷም ኢላማዋን መትታ ስትጨርስ ሄዳ አታርፍም፤ እንደተኛች እሱን ታየዋለች፤ እስኪነሳ ድረስ።

ሩቲ በመኪናዋ ስለምታመላልሳት ይህን ታዝባለች። አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋን ዳር አቆመች።

«ምን አድርጎሽ ነው?»

«ምንም።»

«ሥርጉዬ፣ የደርግ መኮንን ነበር አይደል? አስሮሽ ነበር?»

ሥርጉት ጓንቷን አወለቀች።

«እሺ አትንገሪኝ። ግን ልጅሽን አስቢ። ሰውየውን አንዲት ነገር ብታደርጊው ሊዮን ሌላ ሰው ነው የሚያሳድገው። ገባሽ?»

«ሊዮ በረደው፤ ንጂው» አለች ሥርጉት፣ ኋላ ወንበር ላይ ወዳለው ልጇ ዞራ።

ውድድሩ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው አማተሮች ከየአገሩ መጥተዋል፤ ጡረተኛው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ገበሬው። ሩቲ የመጣችው ለመደገፍ አይደለም። ሰው እንዳይሞት ነው የመጣችው።

ከመነሻው በፊት ሻምበሉ አጥሩ ጋ መጥቶ ሩቲ እጁን የያዘችውን ሊዮን አተኩሮ አየው።

«ስሙ ማነው?»

ሩቲ ልጁን ወደ ጀርባዋ አዞረችው። ሻምበሉ ወደ መነሻው ሄደ።

ተኩሱ ላይ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። እኩዮቹን ይመራ ነበር። ሥርጉት ዘግይታ መጣች፤ ቁልቁለቱ ላይ ወድቃ ከራስ እስከ እግሯ በረዶ ሆናለች፤ የደረት ቁጥሯም ተቀዶ ወድቋል። አጠገቡ ምንጣፏ ላይ ተኛች። የጥይት ካዝናውን ለጠመንጃው አጎረሰች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች።

ሩቲ ከቆመችበት ስታየው አፈሙዙ የዞረው ወደ ሻምበሉ ነበር።

«ኖ! ሥርጉዬ፣ ተይ!»

ሻምበሉ ጩኸቱን ሰምቶ ዞረ። ዓይኑ አፈሙዙ ላይ ቀረ።

«ሥርጉት!»

ዘሎ ጠመንጃው ላይ ወደቀ። በሁለት እጁ ነጠቃት። ፊሽካ ተነፋ፤ ዳኞች ሮጡ። ሩቲ የልጁን ዓይን በመዳፏ ሸፈነች።

ሻምበሉ ጥይቱን አወጣ። ጠመንጃውን ዘቅዝቆ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከአፈሙዙ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል የጠጠረ በረዶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

«ከወደቅሽ መጀመሪያ አፈሙዙን እይ!» ጮኸባት። «ድሮ ብዬሽ አልነበረም? ፊትሽ ላይ ነው የሚፈነዳው!»

ጠመንጃውን ምንጣፏ ላይ አኖረላት።

የሌላ ተወዳዳሪ ጠመንጃ መንካት ክልክል ነው። አስተዋዋቂው ስሙን እያጣመመ አነበበው፤ ገረመው ከውድድሩ ወጥቷል። ሻምበሉ ማንንም ሳያይ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ስኪውን መፍታት ጀመረ።

ሥርጉት ተኮሰች። ሁለቱን ሳተች፤ ለሳተችው የቅጣት ዙሯን ዞረች፤ ከሁሉ በኋላ ገባች።

መድረሻው ላይ አስተዋዋቂው ደረቷን አየ። ቁጥር የለም። ማይክሮፎኑን ዘረጋላትና ስሟን ጠየቃት።

«ሙሉነህ በይው! ሥርጉት ሙሉነህ!» አለች ሩቲ ከአጥሩ ማዶ።

ሥርጉት ስኪውን ወደሚፈታው ሰው ዞረች። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሥርጉት ገረመው» አለች።