ልኩን ነው

ኬክ ሠሪው ክሬሙን በማንኪያ ጨልፎ ለሚስቱ አቀበላት። ስኳር አለብህ ከተባለ ወዲህ ጣፋጭ እርም ብሏል፤ መቅመሱ የእሷ ሥራ ሆኗል። «እስቲ ቅመሺልኝ» ብሏት፣ የዛለ ወገቡን ይዞ ወደ ምድጃው ዞረ።

በምድጃው በር መስታወት ውስጥ አያት። ማንኪያውን እስከ ከንፈሯ አደረሰችው፤ አፏን ግን አልከፈተችም። ቀስ ብላ በሽርጧ ጠረገችውና እንደ ወትሮው፣ «ልኩን ነው» አለች።

የሚቆጣበት አቅም አልነበረውም። ሳይዞር፣ «አንቺም?» አላት።

ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሐኪሞቹ የስኳር ጫፉ ላይ ነሽ፣ ከአሁኑ ከጣፋጭ ከራቅሽ ትተርፊያለሽ አሉኝ። ያንተው መች አነሰህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ታዲያ ሳትቀምሺ ነው ልኩን ነው ስትይኝ የከረምሽው?»

«እጅህን አውቀው የለ እንዴ።»

ኬክ ሠሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከታመመ ጀምሮ ኬኩን የሚበላ ሰው ሁሉ እያሳዘነው፣ የክሬሙን ስኳር ጥቂት ጥቂት እያለ ሲቀንስ ነበር የከረመው። በቀነሰ ቁጥር እሷ «ልኩን ነው» ትለዋለች፤ እሱም በእሷ ምላስ ተማምኖ ደግሞ ይቀንሳል። አሁን ግማሹ ላይ ደርሷል። እስከ ዛሬ ያጉረመረመ ደንበኛ ግን የለም።

«እጄንስ አታውቂውም» አላት።