ከሁሉም የሚለሰልሰው ዘንግ

የሰው ጉልበት እንደ ደም ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ፣ አቶ ምንያህል በየዓመቱ የጎልፍ ዱላቸውን ዘንግ ያስቀይራሉ። ክንዳቸው በደከመ ቁጥር ጠንካራው ዘንግ አልታጠፍ እያለ ኳሷን ወደ ጎን ይልክባቸዋል፤ ስለዚህ ለስለስ ወዳለው ይወርዳሉ። ጉልበታቸው የሚሄደው አልጋ ላይ ለዋለችው ልጃቸው ለማህደር ነው።

በጎልፍ ሜዳው ለየሰዉ አቅም የሚስማማ ዘንግ የሚመርጠው ኢዮስያስ ከሁሉም የሚለሰልሰውን ሰጣቸው። አቶ ምንያህል ባለ በሌለ አቅማቸው ሰነዘሩ። ኳሷ ሣሩ ላይ ትንሽ ተንከባለለችና ቆመች።

"ይሄም ደረቀብኝ" አሉ። "ከዚህ የሚለሰልስ አምጣልኝ።"

"ከዚህ የሚለሰልስ አይሠራም፣ አባባ። ዘንድሮ እንኳ አይስጧት፤ ለራስዎ ትንሽ ይቅር።"

"መጀመሪያ የሰጠኋት ጊዜ ተነስታ ፀጉሯን ራሷ ጎነጎነች" አሉ ዱላውን እየመለሱለት። "አሁን የምሰጣት ለመተንፈስ ብቻ ነው የሚበቃት። እሱንም ልከልክላት?"

ኢዮስያስ ዱላውን ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ቤት ሲገቡ ማህደር ጣሪያውን እያየች ነበር።

"አባዬ፣ ዛሬስ እንዴት መታህ?"

"ሩቅ ሄደች" አሏት።

ሾርባዋን ሊያጎርሷት ሲሞክሩ ሳህኑ ከበዳቸውና አንሶላው ላይ ተደፋ። አንሶላውን ለመቀየር እሷን ማንሳት ያስፈልግ ነበር። አባት ብብቷ ሥር እጃቸውን አስገብተው ሞከሩ፤ ደግመው ሞከሩ።

"ተወው አባዬ" አለች ማህደር፣ "አልበረደኝም።"

በርዷት ነበር። አጠገቧ ተቀመጡና የአንሶላውን እርጥብ ቦታ በመዳፋቸው ሸፈኑት።