ቀይ ነጥብ ያለባት ሞላ

ሽጉጥ ጠጋኟ ያገለገለውን የባሏን የዒላማ ሽጉጥ ፈታትታ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችው። ያረጁ ዕቃዎቹን ዓምና በአዲስ ቀይራለት ነበር። ዛሬም ቃታውን፣ መምቻውን፣ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ብታይ እንከን አጣች። ሰሞኑን ዒላማ ያሳተው የባሏ እጅ መንቀጥቀጥ ነው።

«ጥፋቱ የሽጉጡ ነው አይደል?» አላት ባሏ ከአጠገቧ ቆሞ። «እጄማ ያው የጥንቱ ነው።»

እሷም እሱ ሳያያት ቶሎ ብላ ከመሳቢያው ያለቀች ሞላ አወጣችና፣ «ይቺ ናት ጉድ የሠራችህ፤ ቀየርኳት» ብላ ሰጠችው።

«እኔኮ ብያለሁ!» ብሎ ተቀበላት።

ያን ጊዜ ነው ቀዩን ነጥብ ያየችው። ያለቀ ዕቃ ተመልሶ እንዳይገጠም፣ ዓምና እሱ ራሱ የቀባው ነጥብ ነበር። ክው አለች። ቀና ስትል ግን ባሏ ነጥቡን በሚንቀጠቀጥ አውራ ጣቱ ሸፍኖታል።

«እጅሽ ይባረክ» አላት።