እርጥብ ሳር

በአዳሪ ትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት የዓመቱ ሽልማት ሊሰጥ ሲል፣ አሮጊቷ እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ዳይሬክተሩ ፊት ተንበረከኩ። የልጅ ልጃቸው ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ነበር፤ ግን እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ፣ በመዝሙር ሰዓት፣ ጓደኛዋን በጥፊ በመማታቷ ለከርሞ እንዳትመለስ ተወስኖባታል።

«እማማ፣ ጉዝጓዙን በር ላይ ያኑሩት» አላቸው ከሰሜን የመጣው ዳይሬክተር በትሕትና።

«ይሄን ሁሉ ተምረህ ሳር ሁሉ ጉዝጓዝ ይመስልሃል?» አሉት። «ለዕርቅ ነው የያዝኩት። በእኛ በጨንቻ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ማንም አልፎ አይሄድም።»

«ደንቡ አይፈቅድም እናቴ» ብሎ ወደ ምስክር ወረቀቶቹ ዞረ።

አሮጊቷ ከተንበረከኩበት ንቅንቅ አላሉም። ወጉ የወንድ ሽማግሎች ነው፤ እሳቸው ግን ወንድ እስኪመጣ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሴት አልነበሩም።

ያን ጊዜ የተመታችው ልጅ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ተነሥታ መጣች። ከአሮጊቷ ጎን ተንበርክካ ከሳሩ ግማሹን ከእጃቸው ወሰደችና ወደ ዳይሬክተሩ ዘረጋችው።

«መምህር፣ እኔ ታርቄያለሁ» አለች። «የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»