ኩሬው እንዳይጎድል

«እማማ፣ የግቢው ኩሬ ለምንድን ነው የማይጎድለው?»

አያቲቱ ከቤታቸው ደጃፍ ሆና ዝናቡን አየች። የልጅ ልጇ በዘበኝነት የሚሠራበት አዲሱ የመጋዘን ግቢ ጎርፍ የሚያጠራቅም ኩሬ ነበረው፤ ውሃው ከሥሩ ባለው አሸዋና ጠጠር ተጣርቶ በቱቦ ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። አሁን ግን ኩሬው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ዝናቡም አላባራም።

«የኩሬው ግድብ ከተናደ ውሃው እነነጂባ ላይ ነው የሚሄደው» አላት። ጎረቤታቸው ነጂባ ከኩሬው በታች ባለች የቆርቆሮ ቤት አራስ ነበረች።

«አታሟርት ልጄ። አሸዋው ደፍኖት ይሆናል።»

«አሸዋውን ትናንት ነው እኮ ያጠብኩት።»

ጠዋት ዝናቡ ሲጀምር፣ ውሃ በቦቴ ተጠብቆ በሚቀዳበት በአሰብ፣ የሰማይ ውሃ ጨዋማው ባሕር ውስጥ መግባቱ ለአያቲቱ ግፍ ሆኖባት ነበር። ለልብስ ማጠቢያ እንኳ ይቆይልን ብላ ጠጠሩን ፈንቅላ፣ ሟች ባሏ ካሚዮን እየነዳ ደጋውን ሲሻገር ይለብሰው የነበረውን ካፖርት ቱቦው ውስጥ ወተፈችው። አሁን ካፖርቱ ከዚያ ሁሉ ውሃ ሥር ነበር። የልጅ ልጇ ደግሞ ዋና አያውቅም፤ ባሕር ይወስድብኛል ብላ ከልጅነቱ የከለከለችው እሷው ነበረች። እንዴት ትንገረው?

ሊወጣ ሲል ካፖርቱን ለመደረብ እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ። ካፖርቱ የሚሰቀልበት ምስማር ባዶ ነበር። እጁ እዚያው እንዳለ ዞሮ ጭቃ የነካውን የቀሚሷን ጫፍ አየ።

«ልጄ፣ ጥልቅ ነው» አለችው።

ሸሚዙን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ወደ ኩሬው ወጣ።